የአሮጌ የጓሮ ትራክተር ሽቦ ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የአንድ አሮጌ የጓሮ ትራክተር የኤሌክትሪክ ክፍል ከባትሪ፣ ከቁልፍ፣ ከሶልኖይድ (ቁልፉ ሲዞር ባትሪውን ከሞተሪኖው ጋር የሚያገናኝ ማብሪያ)፣ ከሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው)፣ ከባትሪ መሙያና ከጥቂት መብራቶች ብዙም አያልፍም። ሥራውን የሚያከብደው የዕቃው ብዛት ሳይሆን፣ ደኅና ዕቃ የሚያስጥሉ አንዳንድ አመለካከቶች ናቸው።

«አሮጌውን ሽቦ ነቅሎ ጥሎ ከባዶ መጀመር ይቀላል» የሚለው አንዱ ነው። አሮጌው የሽቦ እስር ልባሱ ተሰነጣጥቆና ቀለሙ ወይቦ ቢገኝም የማሽኑ ብቸኛ ካርታ ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ሽቦ በሁለቱም ጫፉ ምልክት ሳይደረግበት፣ ፎቶ ሳይነሳና መንገዱ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር መቁረጫ ሊነካው አይገባም። ሳይበጣጠስ ወጥቶ ጣውላ ላይ ቢዘረጋ ለአዲሱ እስር የርዝመት መለኪያ ይሆናል።

«ከባትሪው የትኛውም ገመድ ቀድሞ ቢፈታ ያው ነው» ማለትም ስሕተት ነው። ነጌቲቩ ከሻንሲው (ከማሽኑ የብረት አካል) ጋር በተያያዘበት ማሽን ቀድሞ የሚፈታውም በመጨረሻ የሚታሰረውም ነጌቲቩ ነው። ይህ ከተደረገ ፖዘቲቩ ሲፈታ መፍቻው ድንገት ሻንሲውን ቢነካ እንኳ ብልጭታ አይፈጠርም።

ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ግን «ባትሪው 12 ቮልት እያሳየ ሞተሪኖው ካልዞረ የተበላሸው ሞተሪኖው ነው» የሚለው ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሙሉ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ብቻ ካሳየ ሊያልቅ የተቃረበ ነው። ሁለተኛ፣ መለኪያው የሚስበው ኤሌክትሪክ ከምንም ስለማይቆጠር፣ አንዲት ክር ብቻ የቀረችው የተበላ ገመድ እንኳ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ሞተሪኖ ግን ሲያስነሳ ከ100 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ መለካት ያለበት ጭነት ላይ እያለ ነው፦ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው የነጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላው ቀለም በሌለው የሞተሩ ብረት ላይ ተይዞ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዞራል። ንባቡ ከ0.5 ቮልት ካለፈ ችግሩ ያለው በመመለሻው መንገድ፣ መካኒኮች ማሳ በሚሉት ላይ ነው። መፍትሔውም ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ነው። ሻንሲው አምሮ በአዲስ ቀለም በተቀባ ትራክተር ላይ ይህ ችግር የሚበዛው ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ነው።

«ቁልፍ ሁሉ አንድ ነው፤ ከገጠመ ይሠራል» የሚለውም ቦቢና (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ጥቅል ሽቦ) ያስጥላል። ማግኔቶ (ሞተሩ ሲዞር በማግኔት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ክፍል) ያለው ሞተር ለካንዴላው ብልጭታ ባትሪ አያስፈልገውም፤ የሚጠፋውም የማጥፊያው ሽቦ ከማሳ ጋር ሲገናኝ ነው። በባትሪና በቦቢና የሚሠራ ሞተር ደግሞ በተቃራኒው ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ይፈልጋል። ሁለቱ ዓይነት ቁልፎች በመልክም በእግር (ሽቦ በሚሰካበት ጫፍ) ቁጥርም ሊመሳሰሉ ስለሚችሉ፣ ተቀያይረው ሲገጠሙ 12 ቮልቱ ወደ ማግኔቶው ገብቶ ሊያቃጥለው ይችላል። አዲሱ ቁልፍ ከመገጠሙ በፊት የትኛው እግር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ በየመዞሪያው በመለኪያ ይፈተሽ፤ በማግኔቶ ቁልፍ ላይ የማጥፊያው እግር ከማሳው ጋር መገናኘት ያለበት ቁልፉ ሲዘጋ ብቻ ነው።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ከፍ ያለ መተካት መፍትሔ አይደለም፤ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ስለሆነ፣ ትልቅ ፊውዝ ሲገባ የሚነደው ሽቦው ይሆናል። የቤት ባለ አንድ ክር ሽቦም ንዝረት ሲደጋገምበት ይሰበራል፤ ለትራክተር የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ነው።

የመቀመጫውን የደኅንነት ማብሪያ «ትርፍ ጣጣ» ብሎ በሽቦ አገናኝቶ ማለፍን በፍጹም አልቀበልም። ሹፌሩ ከወደቀ ሣር የሚያጭደውን ምላጭ የሚያቆመው እሱ ነው። ከተበላሸ አዲስ ይገጠም።

በመጨረሻም «ባትሪውን አስሮ ቁልፉን ማዞር በቂ ፈተና ነው» ይባላል። ነጌቲቩ ከመታሰሩ በፊት በባትሪው ምሰሶና በገመዱ መካከል ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ቢገባ ይመረጣል። ሁሉም ነገር ጠፍቶ አምፖሉ ደምቆ ከበራ አንድ የፖዘቲቭ ሽቦ ሻንሲውን ነክቷል ማለት ነው፤ መስመሮቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ አምፖሉን ያጠፋው መስመር ጥፋቱ ያለበት ነው።