የግለሰብ ቤት ኪራይ በአዲስ አበባ

የግለሰብ ቤት ኪራይ የሚባለው ባለቤቱ ቤቱን፣ ከቤቱ አንዱን ክፍል ወይም ከቪላው ጀርባ የሠራውን ሰርቪስ ለመኖሪያ የሚያከራይበት አሠራር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው አከራይ ባለሀብት የሚባል ዓይነት ሰው አይደለም። ጡረታውን በሁለት ክፍል ኪራይ የሚደጉም፣ ከተከራዩ ጋር በአንድ የግቢ በር የሚገባና ከአንድ ቧንቧ የሚቀዳ ሰው ነው።

ኪራይ የከተማዋን ያህል ዕድሜ አለው። መሬቱ በቤተ መንግሥት፣ በመኳንንትና በቤተ ክህነት እጅ ስለነበር ከገጠር የመጣው ሰው ወይ ቤት ይከራይ ነበር፣ ወይ ቦታ ተከራይቶ ጎጆ ይቀልስ ነበር። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ነዋሪውን በዘር ለይቶ ለማስፈር ሞክሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቤት ኪራይ ራሱን የቻለ ክፍል ሰጠው።

ሁሉን የለወጠው ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታ ሁሉ ያለ ካሳ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው ተፈቀደ፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚሰጠው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የምንለው ተቋም ቀዳሚ ወደሆነው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። የአነስተኛ ቤቶች ኪራይ ተቀነሰ፤ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ከጥቂት ብር ያልዘለለ ኪራይ ከፍሏል። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ እንደነበር አያጠራጥርም። የዛሬው የቤት እጥረት ሥሩ እዚያ ነው የሚሉ ግን ጥቂት አይደሉም። ያም ሆነ ይህ፣ በሕይወት ዘመናቸው ቁጠባ ሁለተኛ ቤት የሠሩ መምህራንና ነጋዴዎችም ከትልልቆቹ ባለርስቶች ጋር በአንድ ሚዛን መመዘናቸው መዘንጋት የለበትም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ ተስፋፋ፤ መሬቱ ግን የመንግሥት እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ ቤት ገዝቶ ለማከራየት ያሰበ ሰው የሚገዛው ሕንፃውንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ከክፍያ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ የሊዝ ዕዳና የባንክ ዕገዳ አለመኖሩን ከክፍለ ከተማው ማጣራት የግድ ነው። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ጀሞን፣ ጎፋን፣ የካ አባዶንና ኮዬ ፈጬን በተከራይ ሞላ። ዕጣ የወጣለት ብዙ ሰው ቤቱን አከራይቶ በኪራዩ የባንክ ክፍያውን ሸፍኗል። ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ለመሸጥ መጠበቅ ያለበት አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ ከእሱ በውክልና ብቻ የሚገዛ ቤት ግን ዋጋው የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በቃልና በደላላ ምስክርነት ይሄድ የነበረውን ነገር ወደ ወረቀት አመጣው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ይፈጸማል። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። አዋጁ ተከራይን እንደጠበቀ ይነገራል፤ አዲስ የሚያከራይ ሰው ግን የመጀመሪያውን ዋጋ ከፍ አድርጎ እንዲጀምር ይገፋፋል የሚል ክርክርም አለ።

ከኪራይ ገቢ የሚከፈለው ግብር በገቢ ግብር ሕጉ የኪራይ ገቢን በሚመለከተው ክፍል፣ በሠንጠረዥ «ለ» ይሰላል። የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ አከራይ የጥገናና የመሳሰለውን ወጪ ማስቀነስ ስለሚችል ለቀለም፣ ለቧንቧና ለቆርቆሮ የተከፈለበትን ደረሰኝ መጣል ገንዘብ መጣል ነው።

በአንድ ግቢ ውስጥ ጠብ የሚነሳው ከኪራዩ ይልቅ በመብራትና በውኃ ነው። ለእያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ቆጣሪ ማስገባት፣ ካልሆነም ሒሳቡ በሰው ብዛት ይሁን በክፍል ብዛት በውሉ ላይ መጻፍ ብዙ ንትርክ ያስቀራል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶ ያለው ቤት ተፈላጊ ነው። ቁልፍ ሲረከቡም የበሩን፣ የመስኮቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ሁኔታ ዘርዝሮ መፈራረም የተለመደ ባይሆንም ሊለመድ የሚገባው ነው።

አሜሪካ ወይም ዓረብ አገር ሆኖ የሚያከራይ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ወንድሙን ወይም እህቱን ይወክላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና ያለው ሰው ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትና ኪራይ መሰብሰብ ይችላል። ቤቱን መሸጥ ወይም አልከፍልም ያለውን ተከራይ ፍርድ ቤት ማቆም ግን በልዩ ውክልና ብቻ የሚፈጸም ነው፤ ይህን ሥልጣን ለይቶ የማይጠቅስ ወረቀት የያዘ ወንድም ክስ መመሥረት አይችልም።