በአውስትራሊያ የመብራትና የጋዝ ደንበኛ መብት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አውስትራሊያ ውስጥ የቤት መብራትና ጋዝ ደንበኛን የሚጠብቀው ሕግ ድሮ በየክፍለ ግዛቱ ለየብቻ ነበር። ከ2012 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አገር አቀፍ ሕግ መጥቷል። ስለሱ የሚወራው ሁሉ ግን ልክ አይደለም፤ የተሳሳተ ወሬ ደግሞ እዚህ ላይ ገንዘብ ያስወጣል።

«ሕጉ በመላ አገሪቱ ይሠራል»

አይሠራም። ሕጉን በ2011 ያጸደቀው የደቡብ አውስትራሊያ ፓርላማ ነው። ሌሎቹ በየራሳቸው አዋጅ፣ በየራሳቸው ጊዜ ተቀበሉት። ታዝማኒያና የካንቤራ ግዛት በ2012 ጀመሩ። ደቡብ አውስትራሊያና ኒው ሳውዝ ዌልስ በ2013፣ ኩዊንስላንድ በ2015 ተከተሉ። ቪክቶሪያ ግን አልገባችበትም፤ ምዕራብ አውስትራሊያም እንዲሁ። በቪክቶሪያዋ ከተማ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ የሚኖረው የኛ ሰው ብዙ ነው። ሲድኒ (ኒው ሳውዝ ዌልስ) ያለ ዘመድ የነገራችሁ ደንብ እናንተ ጋ ላይሠራ ይችላል።

«እንግዲያው ቪክቶሪያ ያለነው ጥበቃ የለንም»

እንዲያውም በአንዳንድ ነገር የቪክቶሪያው ይሻላል። ኩባንያው በራሱ ስህተት አሳንሶ ሲያስከፍል ቆይቶ «ቀሪ ሂሳብ አለባችሁ» አለ እንበል። ሲድኒ ላይ ወደ ኋላ ሄዶ የ9 ወር መጠየቅ ይችላል። ሜልበርን ላይ ከ4 ወር አያልፍም። ቪክቶሪያ ውስጥ ያለአግባብ መብራት የቆረጠ ኩባንያም ለደንበኛው በቀን 500 ዶላር ይክሳል። እኔ እንደማምነው፣ ሕጉ አንድ ይሁን ከተባለ ሌሎቹ ወደዚህ ከፍ ይበሉ እንጂ ቪክቶሪያ ዝቅ ማለት የለባትም።

«ካልከፈልኩ ባሻቸው ሰዓት ይቆርጡብኛል»

ይሄ ፍርሃት የስንቱን ቤተሰብ እንቅልፍ ይነሳል። በአገር አቀፉ ደንብ ኩባንያው መጀመሪያ ማስታወሻ፣ ከዚያ የመቁረጥ ማስጠንቀቂያ መላክ አለበት። በዕዳ ምክንያት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ በበዓልና በበዓል ዋዜማ አይቆረጥም። በሌላውም ቀን ቢሆን በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አይቆርጡም። ከዲሴምበር 20 እስከ 31 ደግሞ ጭራሽ የለም። ቤት ውስጥ በመብራት የሚሠራ የሕይወት ማቆያ መሣሪያ ካለ አስመዝግቡ፤ ያኔ በዕዳ አይቆርጡባችሁም። የክፍያ ዕቅድ ተስማምታችሁ በዚያው እየከፈላችሁ ከሆነም እንደዚሁ።

ስለዚህ ቢሉን መሳቢያ ውስጥ አትደብቁት፤ ቶሎ ደውሉ። «መክፈል አቅቶኛል» ማለት ነውር የለውም፤ ይህን ሲሰሙ የመርዳት ግዴታ አለባቸው። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በ131 450 ደውላችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።

«ሕጉ አንድ ከሆነ ዋጋውም አንድ ነው»

አይደለም። ከ2019 ጀምሮ በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች መንግሥት የሚያወጣው መነሻ ዋጋ አለ፤ ቪክቶሪያም የራሷ አላት። ከዚያ ውጭ ያለው እንደ ውሉ ነው። አወዳድሩ።

«አቤቱታ የሚቀርበው ለፌዴራል መንግሥት ነው»

የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኩባንያዎችን ይከሳል እንጂ የእናንተን የቢል ክርክር አይፈታም። መጀመሪያ ለኩባንያው አመልክቱ። ካልሆነ የየክፍለ ግዛቱ የኢነርጂ እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። የጡረታ ካርድ ላላቸው የሚደረገው ቅናሽም የክፍለ ግዛቱ ነው። ኩባንያ ስትቀይሩ ካርዱን እንደገና አስመዝግቡ፤ አለዚያ ቅናሹ ሊቀርባችሁ ይችላል።