ኮርን ማጥበቅ ምንድን ነው?

እናቴ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከማንሳቷ በፊት ሁልጊዜ የምታደርጋት ነገር ነበረች፦ መቀነቷን ትፈታና እንደገና ጠበቅ አድርጋ ትታጠቃለች። ከባድ ሥራ ሲመጣ «ወገብህን ታጠቅ» የምንባባለውም በከንቱ አይደለም። ኮርን፣ ማለትም የሆድና የወገብ ዙሪያ ጡንቻዎችን፣ ማጥበቅ ማለት ያንኑ መታጠቅ በጨርቅ ሳይሆን በገዛ ጡንቻ ማድረግ ነው።

ኮር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሲክስ ፓክ ነው። እሱ ግን ላይ ላዩን ያለው ጡንቻ ነው። ከሆድ ጡንቻዎች ሁሉ ጠልቆ የሚገኘው ትራንስቨርስ አብዶሚኒስ ይባላል፤ ከጀርባ ተነስቶ በጎን በኩል ሆድን ይዞራል፣ ቁርጥ መቀነት። ከላይ የምንተነፍስበት ድያፍራም ይከድነዋል። ከታች ደግሞ ሽንት ስንቋጥር የምንሰበስባቸው ጡንቻዎች አሉ፤ ከኋላ መልቲፊደስ የሚባሉት አጫጭር ጡንቻዎች የአከርካሪ አጥንቶችን እርስ በርስ ያያይዛሉ። አራቱ አብረው ሲጠብቁ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፣ ወገብም ይጸናል። ውሃ የሞላና የተከደነ ሃይላንድ በእጅ ቢጨምቁት አይጨማደድም፤ ባዶውና ክፍቱ ግን ወዲያው ይጨማደዳል። ልዩነቱ እንደዚያ ነው።

ወገብ ይህን ያህል እገዛ የሚፈልገው ለምንድን ነው? ጀሪካኑን ጎንበስ ብለን ከወገባችን 50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያዝነው እንበል። ጭነቱን ከኋላ የሚጎትቱት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው የሚርቁት በግምት 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ 20 ኪሎውን ለመመከት ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ማውጣት አለባቸው፤ ይህም የራሳችን ደረትና ጭንቅላት ክብደት ሳይቆጠር ነው። ጀሪካኑን ወደ ሰውነት ስናስጠጋው ጫናው በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ኮር የጠበቀ እንደሆነ አያያዝ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

ጤነኛ ሰውነት ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 አውስትራሊያ ውስጥ ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን ባወጡት ጥናት፣ ሰው እጁን ቶሎ ሲያነሳ ያ የውስጥ መቀነት ከእጁ ጡንቻ ቀድሞ ይጠብቃል፤ የወገብ ሕመም ያለባቸው ላይ ግን ይዘገያል። ይህ ግኝት ሁሌም ይደንቀኛል። እጅ ገና ሳይነሳ ወገብ ታጥቆ ይጠብቃል ማለት ነው።

የት እንዳለ ለማወቅ አሁኑኑ ይሞክሩት። ከፊት የሚወጡትን ሁለቱን የዳሌ አጥንቶች በጣት ይፈልጉ፣ ከዚያ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገባ ይበሉና ትንሽ ያስሉ። ጣትዎ ሥር ፈንጠር ያለው የኮር ጡንቻ ነው። ያንን ጥብቀት ሳይስሉ፣ በቀስታ መልሰው ያምጡት፤ ልጅ ሆድዎን ሊነካካዎት ሲመጣ ሳይታወቅዎ እንደሚያጠብቁት ማለት ነው። ሆድን ወደ ውስጥ መሳብ አይደለም፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዙሪያውን እኩል ነው የሚጠብቀው። ለጀሪካን ጠንከር ማለት ቢያስፈልግም፣ ለዕለት ሥራ ጥቂቱ ይበቃል፤ እያጠበቁ ማውራት ካቃትዎ ከመጠን አልፏል።

ትንፋሽንም አይያዙ። ሲያነሱ ያስወጡ። በተለይ የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ቋጥሮ ሲያነሳ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ሊያሻቅብ ይችላል።

እኔ ጥቅሙ ይበልጥ የሚታየኝ ትናንሽ በምንላቸው ሥራዎች ላይ ነው፦ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብሎ ልብስ ማሸት፣ ዝቅ ያለ ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር፣ የተኛ ልጅን ከአልጋ አንስቶ ማዘል። ልጁን ከማንሳትዎ በፊት ወደ እሱ ይጠጉ፣ ጉልበትዎን አጠፍ ያድርጉ፣ ሆድዎን ጠበቅ ያድርጉና እየተነፈሱ ይነሱ። ሰከንድ አይፈጅም።

በቅርቡ የወለደች ሴት ግን ጡንቻዎቿ ተለጥጠዋልና አትጣደፍ፤ ስታስል ወይም ስታነሳ ሽንት የሚያመልጣት ከሆነ ፊዚዮቴራፒስት ታማክር። እግር የሚያደነዝዝ ሕመም ካለ፣ ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ፣ ልምምዱን ትቶ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።