በአሜሪካ የመሣሪያ ግዢ እንዴት ይመዘገባል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዲቪ አሜሪካ የገባ የጅማ ልጅ ሽጉጥ ገዛ ከተባለ፣ ሂርማታም ሆነ አጂፕ ቡና ላይ የሚሰማው ያው ነው፦ «እዚያ እኮ ሁሉም በኮምፒውተር ነው!» በመሣሪያ ጉዳይ ግን ብዙው ሥራ አሁንም የወረቀት ነው። (ከኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ፖሊስ ስም ካስገባ ሰውየው ያለው መሣሪያ ሁሉ ይወጣል»

አይወጣም። የ1986 ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የባለቤቶች አጠቃላይ መዝገብ እንዳያቋቁም ከልክሏል። እኛ ዘንድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ስለሆነ እዚያም እንዲሁ ይመስለናል። እዚያ ወረቀቱ የሚቀመጠው ሻጩ ሱቅ ውስጥ ነው። መትረየስና ድምፅ ማፈኛ ግን ከ1934 ጀምሮ በፌዴራል ይመዘገባሉ፤ ሃዋይን የመሰሉ ግዛቶችም የራሳቸው ምዝገባ አላቸው።

«ኤፍቢአይ ካጣራ መዘገበ ማለት ነው»

ገዢው ሱቁ ውስጥ ቅጽ 4473 የተባለውን የፌዴራል የግዢ ቅጽ ይሞላል፤ ሻጩ መግዛት የተከለከለ ሰው መሆን አለመሆኑን ለሚያየው የኤፍቢአይ ማጣሪያ ክፍል የገዢውን ማንነትና የመሣሪያውን ዓይነት ብቻ ይናገራል። መለያ ቁጥሩ ቅጹ ላይ ይቀራል። ገዢው ካለፈ ማንነቱን የሚገልጸው መረጃ በ24 ሰዓት ውስጥ ከማጣሪያው ይጠፋል። ከዚህ የተለየው፣ አንድ ሰው በ5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከአንድ ሻጭ ሁለትና ከዚያ በላይ ሽጉጥ ሲገዛ ነው፤ ያኔ ሻጩ ለፌዴራሉ የመሣሪያ ተቆጣጣሪ ለኤቲኤፍና ለአካባቢው ባለሥልጣን ያሳውቃል።

«የወንጀል መሣሪያ ሲገኝ ባለቤቱ ወዲያው ይታወቃል»

ይህ የፊልም ነገር ነው። ፖሊስ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ ካሊበሩን (የአፈሙዙን ስፋት) እና መለያ ቁጥሩን ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማርቲንስበርግ ወዳለው የኤቲኤፍ መከታተያ ማዕከል ይልካል። ማዕከሉ አምራቹን ይጠይቃል፤ አምራቹ ጅምላ አከፋፋዩን፣ አከፋፋዩ ቸርቻሪውን ይጠቁማል። ቸርቻሪው የገባና የወጣ መሣሪያ በሚጻፍበት መዝገቡ ፈልጎ በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ አለበት። ሱቁ ከተዘጋ መዝገቡ ማርቲንስበርግ ስለሚገባ ሠራተኞች የወረቀቱን ፎቶ ገጽ በገጽ ያገላብጣሉ፤ በስም መፈለግ አይቻልም። ክትትሉን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ተራ ነገር ነው፦ ዜሮን «ኦ» ብሎ መጻፍ፣ ወይም ከውጭ በገባ መሣሪያ ላይ የአስመጪውን ምልክት መዝለል።

ሰንሰለቱ የሚቆመውም መጀመሪያ ከሱቅ የገዛው ሰው ላይ ነው። እሱ በግሉ ለሌላ ከሸጠ፣ ብዙ ግዛቶች ውስጥ ያ ሽያጭ ወረቀት የለውም፤ ፖሊስ በር እያንኳኳ ይጠይቃል።

«ወረቀቱ ከ20 ዓመት በኋላ ይጣላል»

ድሮ ይቻል ነበር። ከነሐሴ 2022 ወዲህ ሻጩ ሥራ እስኪያቆም ድረስ ያቆያል።

«ለዘመዴ ብገዛለት ምን አለበት?»

የኛን ሰዎች የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ የመሣሪያው እውነተኛ ገዢ አንተ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ዘመድ በሰጠው ገንዘብ ለዘመዱ እየገዛ «አዎ» ያለ ሰው በፌዴራል ወንጀል ይከሰሳል፤ ዘመዱ ራሱ ማጣሪያውን የሚያልፍ ቢሆን እንኳ አያድነውም። በራስ ገንዘብ ገዝቶ፣ መያዝ ላልተከለከለ ሰው በስጦታ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥሩን (ኤ-ነምበር) ግን ይሞላል።

የገዛ ሰው መለያ ቁጥሩን ለብቻው ጽፎ ያስቀምጥ። መሣሪያው ቢሰረቅ ፖሊስ በአገር አቀፉ የተሰረቁ መሣሪያዎች ዝርዝር የሚያስገባው በዚያ ቁጥር ነው፤ ሻጩ ሱቅ ከዘጋ ደግሞ ቁጥሩን ከወረቀት ማግኘት ጣጣ ነው።