«የአየር ርቀት» ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ስንት ኪሎ ሜትር ነው ብላችሁ ስልካችሁን ብትጠይቁ ሁለት መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አንዱ 320 ገደማ፣ ሌላው 560 ገደማ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የአየር ርቀት ነው፤ ካርታ ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ብታሰምሩ የምታገኙት። መስመሩ ተራራ አያውቅም፣ ወንዝ አያውቅም። ሁለተኛው በደብረ ማርቆስ በኩል ጎማው በእርግጥ የሚሽከረከርበት ነው።

የ240 ኪሎ ሜትሩ ልዩነት ከየት መጣ? ከፊሉን ዓባይ በረሃ ላይ ታዩታላችሁ። ጎሐ ጽዮንና ደጀን ገደል ለገደል የሚተያዩ ከተሞች ናቸው፤ በአየር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መንገዱ ግን 40 ያህል ነው፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ተጠማዝዞ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ ያንኑ ያህል ደግሞ ይወጣል። በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የደረበው ሁሉ ታች ሲደርስ መስኮት ክፈቱ ይላል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ የፍሬን ሽታ ይገባል። የተጫነ መኪና ከፊት ካለ ደግሞ እሱን ተከትሎ ማዝገም ነው። የቀረውን ልዩነት መንገዱ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬን፣ እንጅባራንና ዳንግላን ልንካ ብሎ ወደ ምዕራብ ዞሮ ያመጣዋል። ከደጀን በሞጣ በኩል መታጠፍ ያሳጥራል።

ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት የተነሣ አውቶቡስ፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን እንኳ፣ ባሕር ዳር የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። የኛ ሰው «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ከማለት «የስንት ሰዓት መንገድ ነው?» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

አውሮፕላንስ? በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 320 ኪሎ ሜትር የግማሽ ሰዓት ጉዳይ ነበር። ትኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ታያላችሁ። እየተንደረደረ መነሣት፣ ከፍታ መያዝ፣ ፍጥነት ቀንሶ ማረፍ አለ፤ አብራሪውም የማስመሪያዋን መስመር ሳይሆን የተፈቀደለትን የበረራ መስመር ነው የሚከተለው። ቀድሞ ቦሌ መድረሱን፣ ፍተሻውን፣ ሻንጣ መጠበቁንና ታክሲውን ስትደምሩበት ከቤት እስከ ቤት አራት ሰዓት ቢወስድባችሁ አይግረማችሁ።

ረጅም በረራ ላይ ደግሞ ማስመሪያው ራሱ ያታልላል። ምድር ክብ ስለሆነች አጭሩ መንገድ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ቅስት ሆኖ ይታያል፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፣ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አጭሩ መስመር ወደ ሰሜን ጎብጦ በአውሮፓ በኩል የሚያልፈው ለዚህ ነው። በዚህ መስመር ተመላልሶ የሚያውቅ ሌላም ነገር አስተውሎ ይሆናል፤ ለዓመታት ከዋሽንግተን የሚነሣው አውሮፕላን በቀጥታ ቦሌ ሲገባ፣ ከቦሌ የሚነሣው ግን ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ ያርፍ ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ይገጥመዋል። የአየር ርቀቱ በመሄድም በመመለስም ያው ነው፤ መሄጃው ግን በሰዓታት ይረዝማል።