ፖሊፑ ወጣ፣ ፖሊፑ ገባ፦ ስለ ድንጋያማ ኮራል የምንሳሳታቸው ነገሮች

የጨው ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው የኮራሉ ፖሊፖች (አፍና ክንድ ያላቸው፣ ተሰባስበው ኮራሉን የሚሠሩት ትንንሽ እንስሳት) ወጥተው ካየ ደስ ይለዋል። ገብተው ካየ ይደነግጣል፤ ወዲያው መብራት ይቀይራል፣ ማዕድን ይጨምራል፣ መድኃኒት ይገዛል። ከፖሊፑ መግባት ይልቅ የምፈራው ይህን ጥድፊያ ነው።

«ጠንካራ ከሆነ ድንጋያማ ኮራል ነው።»
አይደለም። ኦርጋን ፓይፕ የሚባለው ቀይ ኮራል አፅሙ ጠንካራ ነው፤ ዝምድናው ግን ከለስላሳዎቹ ጋር ነው። ጠጋ ብላችሁ የአንዱን ፖሊፕ ክንዶች ቁጠሩ፦ 8 ናቸው፣ ላባ ይመስላሉ። የእውነተኛ ድንጋያማ ኮራሎች ክንዶች ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የስድስት ብዜት ነው። ሲነኩት የሚያቃጥለው የእሳት ኮራልም ከድንጋያማዎቹ ወገን አይደለም።

«በቀለሙ ይለያል።»
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ያው አንድ ኮራል በአንዱ ቤት ቡናማ፣ በሌላው ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል። ብርሃኑና ውሃው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይቀይረዋል። ሻጩ የሚሰጠው ማራኪ ስምም የንግድ ስም ነው።

ቅርጹን እዩ። አክሮፖራ የሚባለው የድንጋያማ ኮራል ዓይነት ከሆነ በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አንድ ጎላ ያለ ቀዳዳ አለ፤ የጫፉ ፖሊፕ ቤት ነው። ሌሎቹ ትንንሾቹ በጎን ተደርድረዋል። ሞንቲፖራ ይሄ የጫፍ ቀዳዳ የለውም። ፖሲሎፖራ ቅርንጫፉ ላይ ኪንታሮት መሳይ እብጠቶች አሉት፤ ቀይ ባሕር ውስጥ በብዛት የሚገኘው ስታይሎፎራ የለውም። ጎኒዮፖራና አልቪዮፖራ ደግሞ አበባ መስለው ያምታታሉ፤ የመጀመሪያው 24፣ ሁለተኛው 12 ክንድ አለው። እስከ ዝርያው ድረስ መለየት ግን ብዙ ጊዜ አፅሙን በማይክሮስኮፕ ማየት ይጠይቃል። በፎቶ ብቻ «ይሄ እንትን ነው» የሚላችሁን ቶሎ አትመኑ።

«ፖሊፑ ከወጣ ጤነኛ ነው፤ ካልወጣ እየሞተ ነው።»
ብዙ አክሮፖራዎች ፖሊፓቸውን በደንብ የሚዘረጉት ሌሊት፣ ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት) ለማጥመድ ነው። ቀን ላይ ቢሰበስቡ ምንም ማለት አይደለም። ላያቸው ልሙጥ የሆኑት አክሮፖራዎች ደግሞ ሁሌም ትንሽ ነው የሚያወጡት። በሌላ በኩል፣ ጋላክሲያ የሚባለው ኮራል ሌሊት ረጃጅም ክንዶች ሲዘረጋ ጎረቤቱን ሊነድፍ ነው፤ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

የሚያሳስበው ለውጡ ነው። ሁሌ ይወጣ የነበረ ድንገት ከቀረ፣ መጀመሪያ ዓሣ እየነከሰው እንደሆነ እዩ። የውሃው ፍሰት በቀጥታ እየመታው ይሆን? አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ሰሞኑን ዘሏል? አክሮፖራ ከሆነ ጠፍጣፋ ትል ፈልጉ። ክብ ክብ የገረጣ የንክሻ ምልክት ይተዋል፤ እንቁላሉን ሥጋ በሌለው አፅም ላይ፣ ከሥሩ አካባቢ ይጥላል። መብራት ከጠፋ አንድ ሰዓት በኋላም በቀይ ባትሪ እዩት። ያን ጊዜ ከወጣና ቀለሙም ካልተለወጠ፣ ተረጋጉ።

«ነጭ ከሆነ ሞቷል።»
የአክሮፖራ ጫፍ ብቻ ነጭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እያደገ ነው። ከሥሩ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ ንጣት ግን ሥጋው እየተላጠ ነው። ሦስተኛው ዓይነት፣ ሥጋው ውስጥ የሚኖሩትንና ከብርሃን ምግብ የሚሠሩለትን አልጌዎች ያጣ ኮራል ነው። አፅሙ በሥጋው አልፎ ይታያል እንጂ ሥጋው አለ፤ ፖሊፑም ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን አትጣሉት። ብርሃኑን ቀንሱለት፣ ሙቀቱን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠብቁ፤ ፖሊፑ ሲወጣ ደቃቅ ምግብ ስጡት።