ካሊበር ምንድን ነው?

መሐል ሜዳ ከተማ፣ አጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ተሰቅሏል። ፈረንሳዮቹ «ፊዚ ግራ» ይሉታል፣ እ.ኤ.አ. የ1874 ሥሪት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ። ልጅ እያለሁ ትንሿን ጣቴን አፈሙዙ ውስጥ እከትትና አጎቴ ይቆጣኝ ነበር። 11 ሚሊሜትር ነው። ካሊበር ማለት እንግዲህ ይኸው የቀዳዳ ስፋት ነው።

በቀደም የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደወለ። ቪዲዮ ሲያይ አምሽቷል። «አሜሪካኖች ጠመንጃ እንደ ልብስ በልካቸው ያሠራሉ አሉ፤ ከምኑ ነው የሚጀምሩት?» አለኝ። እሱ ከመነጽሩ መስሎታል። የሚጀመረው ግን ከጥይቱ ነው።

ካሊበሩን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የክላሽ ጥይት 7.62 በ39 ነው። የኔቶው 7.62 በ51፣ የድሮው የሩሲያ ደግሞ 7.62 በ54። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ርዝመት ነው፤ በሚሊሜትር። ሦስቱም «7.62» ይባላሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ጥይት «አጎረሰ» እንል የለ? ጥይቱ የሚገባበት ማጉረሻ ለአንድ ቀለህ ብቻ፣ የቀለሁ ትከሻና አንገት ሳይቀር ተለክቶ ነው የሚቦረቦረው። ከላላ ቀለሁ ሊቀደድና ግፊቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል።

ለሩቅ ዒላማ ብዙዎች የሚመርጡት 6.5 ክሪድሞር የሚባለውን ጥይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ። ጣርማበር ላይ ቆሞ ጋቢውን ነፋስ የገፈፈው ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል። እርሳሱ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደው የጥይቱ ጫፍ፣ ቀጭንና ረጅም፣ አፍንጫውም ሹል ነው፤ እንደ ጦር ነፋሱን ሰንጥቆ ያልፋል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ይዞት የመጣው ካርካኖ ጠመንጃም እኮ 6.5 ነበር። የእሱ እርሳስ ግን አፍንጫው ድቡልቡል ነው። ካሊበሩ አንድ፣ ሥራው ሌላ።

ጥይቱ ከተመረጠ የቀረው ተከትሎ ይመጣል። ረጅም እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ቶሎ ቶሎ መሽከርከር አለበት፤ ለክሪድሞር በየ20 ሴንቲሜትሩ አንድ ዙር ያህል። 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ትልቅ ጥይት የመረጠ ደግሞ ጠመንጃው ረዘም ያለ አካል ያስፈልገዋል፣ ሰውየውም የራሱን ትከሻ ለምቱ ያዘጋጅ። ሰደፉና መነጽሩ የኪስ ጉዳይ ናቸው።

«የአጎታችንስ?» አለኝ በመጨረሻ። ለውጅግራው ጥይት ከጠፋ ስንት ዘመኑ! አጎቴ ግን ፋሲካ በመጣ ቁጥር አውርዶ ዘይት ይቀባውና መልሶ ይሰቅለዋል።